የትንሽ ከተማን ታሪክ መዝግቦ ለማቆየት፦ ለሰሜን ሸዋ የአካባቢ ታሪክ ማኅበራት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንደ ደብረ ሲና፣ አልዩ አምባ፣ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ደነባና እነዋሪ ባሉ የሰሜን ሸዋ ትንንሽ ከተሞች የከተማቸውን ያለፈ ዘመን መዝግበው ለማቆየት ለሚሰባሰቡ ሰዎች ነው። የነገሥታቱ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን እንደቆረቆሩ፣ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እንደነበረች፣ ዐፄ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ እንደተወለዱ ለማወቅ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። ያልተጻፈው የመጀመሪያው ወፍጮ የት እንደተተከለ፣ ገበያው ከየት ወደ የት እንደተዛወረ፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የነማን ልጆች ገብተው እንደተማሩ ነው። እኛ በከተማችን ሥራውን ስንጀምር እናነጋግራቸዋለን ብለን ስማቸውን ከመዘገብናቸው ሽማግሌዎች መካከል አራቱን ሳናነጋግራቸው ቀብረናል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ያንን መዘግየት ሌላው ከተማ እንዳይደግመው በማሰብ ከሥራው የተገኘ ነው።

ማኅበሩን ስለ ማቋቋም

ለመጀመር ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ከእነዚህ መካከል አንድ የታሪክ ወይም የአማርኛ መምህር፣ በማዘጋጃ ቤት የሠራ ሰው፣ ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር ከነሰዉ የሚያውቁ ሁለት እናቶች፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚታመን አንድ ሽማግሌ፣ ስልክና ኮምፒዩተር በደንብ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቢገኙ ሥራው ይሠምራል። እናቶቹ የግድ ይግቡ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዶች ብቻ የተሰበሰቡበት ማኅበር የሹም ሽርና የጦርነት ወሬ ይዞ ይመለሳል፤ የገበያውን ነገር፣ የአዋላጆቹን ስም፣ በችግር ቀን ማን ማንን እንዳበላ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለከተማው አስተዳደርና በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሥራ ለሚመራው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅና የደብዳቤውን ግልባጭ ማኅተም አስመትቶ መያዝ ይገባል። ሽማግሌ ለማነጋገር ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ጥያቄ ስለሚነሣበት ይህች ወረቀት ብዙ መንገላታት ታድናለች። ማኅበሩ በስሙ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትና ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲፈልግ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን ስለሚመለከት፣ በአንድ ወረዳ ተወስኖ የሚሠራ ማኅበር ስለ ምዝገባው መጠየቅ ያለበት በክልሉ ሥልጣን የተሰጠውን አካል ነው። ምዝገባው እስኪያልቅ ግን ሥራውን ማቆም አያስፈልግም፤ ሽማግሌዎቹ አይጠብቁም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ደንብ ይጻፍና ሁሉም ይፈርምበት፦ የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም ዕቃ ዋናው ከባለቤቱ ቤት አይወጣም። ይህን ደንብ እኛ ያወጣነው ከጥፋት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ቤተሰብ አሥራ አንድ አሮጌ ፎቶግራፎች ተቀብዬ ስካን ለማድረግ ደብረ ብርሃን ይዤ ሄድሁ፤ ስመለስ ፖስታው ውስጥ አሥር ነበሩ። የጠፋችው እናታቸው በሙሽርነቷ የተነሣቻት ብቸኛ ፎቶግራፍ ነበረች። ቤተሰቡ አልተቆጣኝም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሳጥኑን የከፈተልን ቤት አልተገኘም። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ፎቶግራፉ ይሄዳል እንጂ ፎቶግራፉ ወደ መሣሪያው አይመጣም።

መዝገቡን ስለ መክፈት

ከካሜራና ከኮምፒዩተር በፊት የሚገዛው ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ፣ ሰነድና ቃለ መጠይቅ ተከታታይ ቁጥር ይሰጥና በአንድ መስመር ላይ የነገሩ ዓይነት፣ የተገኘበት ሰው ስም፣ ቦታው፣ የተመዘገበበት ቀን፣ የመዘገበው አባል ስም፣ ባለቤቱ የሰጠው ፈቃድ ይሰፍራል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ከማን ተገኘ» የሚለው ነው። ከማን እንደተገኘ ያልተጻፈለት ፎቶግራፍ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ሊመስለን ይችላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የማያውቁት ሰዎች የቆሙበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ ለምሳሌ «ደሲ-ፎ-0014» ተብሎ የከተማውንና የዓይነቱን ምልክት ይያዝ፤ በኮምፒዩተር የሚቀመጠው ፋይልም በዚሁ ቁጥር ይጠራ።

ከተማውን በእግር ስለ መዞር

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከተማውን ከላይ እስከ ታች መዞርና የሚናገሩትን የቦታ ስም ሁሉ በእጅ በተሣለ ካርታ ላይ መጻፍ የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ይሁን። ዛሬ ባንክ የቆመበት ቦታ ድሮ የጨው ተራ፣ የአህያ ማሰሪያ ወይም የጠጅ ቤት ሊሆን ይችላል። የስም ታሪክ ሲነገር አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም። የደብረ ብርሃን ስም በሰማይ ከታየ ብርሃን ጋር መያያዙ በንጉሡ ዜና መዋዕል የተጻፈ ነው፤ የአንኮበር ስም «አንኮ» ከምትባል ሴት ጋር መያያዙ ግን በአፍ የመጣ ትውፊት ነው። ሁለቱም ይመዘገባሉ፤ ከየት እንደመጡ ግን ለየብቻ ይጻፋል።

ፎቶግራፎችን ስለ መገልበጥ

በየቤቱ ከአልጋ ሥር በሳጥን፣ ከግድግዳ በመስታወት ክፈፍ፣ በአሮጌ መታወቂያ ውስጥ ያሉ ፎቶግራፎች የከተማው ትልቁ ሀብት ናቸው። በስልክ ለመገልበጥ ጥሩው ቦታ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ወይም በር አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ አይመረጥ፤ የስልኩ ፍላሽም ይጥፋ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነጭ ቦግታ ይጥላልና። ከሥር ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፤ ከጎኑ መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ ይቀመጥ፤ ስልኩ ከፎቶግራፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከላይ ይያዝ። ዘንበል ካለ የሰዎቹ ቁመት ይዛባል። ስካነር ይዞ መሄድ ከተቻለ ለፎቶግራፍ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ በቂ ነው።

ጀርባውን መገልበጥ እንዳይረሳ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው ቃል፣ የተላከበት ቀን ያለው እዚያ ነው። በጀርባው ላይ ስም መጨመር የሚፈልግ ባለቤት ካለ በለስላሳ እርሳስ በጠርዙ በኩል ይጻፍ፤ እስክርቢቶ ወደ ፊት ይሻገራል፤ ጫናውም የሰውየውን ፊት ይሰነጥቃል።

ከዚያ ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ የተቀመጡትን ለብቻ፣ የቆሙትን ለብቻ እያሉ መጠየቅ ነው። ባለቤቷ «ይሄኛው የአጎቴ ልጅ ነው» ካሉ እዚያ አይቆም፤ ሙሉ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ሥራው፣ ዛሬ ያለበት ይጠየቅ። ሰውየው የለበሰው ካፖርት የራሱ ነው ወይስ የፎቶ ቤቱ? ይህን የጠየቅናቸው አንዲት እናት «ካፖርቱ የፎቶ አንሺው ነው፤ ከተማው ሁሉ እሷኑ ለብሶ ነው የተነሣው» ብለው ሌሎች ሦስት ፎቶግራፎች አውጥተው አሳዩን። ካፖርቷ በሁሉም ላይ አለች፤ ቁልፏ የወለቀበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። ፎቶግራፎቹ በአንድ ሰው እጅ፣ በተቀራረበ ጊዜ መነሣታቸውን ያወቅነው በዚያች ቁልፍ ነው።

ሽማግሌዎችን ስለ ማነጋገር

አስቀድሞ በሚቀርባቸው ሰው በኩል ይላክ፤ ቀኑን እሳቸው ይምረጡ። ሁለት ሰው ይሂድ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ቀረጻውንና ማስታወሻውን ይያዝ። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት ይዘጋጅና በተጣጠፈ ነጠላ ላይ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ይቀመጥ። ቡና ከፈላ ግን ከረከቦቱ ይራቅ፤ የስኒው ቅጭልጭልታ ድምፁን ይውጠዋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ጣራውን መምታት ሲጀምር ከቃለ መጠይቁ የሚቀረው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጠዋት፣ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ቀረጻው ሲጀምር ቀኑ፣ ቦታው፣ የጠያቂውና የተናጋሪው ስም በድምፅ ይነገር፤ ፈቃዳቸውም እንዲሁ በድምፅ ይመዝገብ። «የከተማችንን ታሪክ ይንገሩን» ብሎ መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ የተጠየቀ ሽማግሌ ይጠበቅብኛል ብሎ ከሚያስበው ከነገሥታቱ ይጀምራል፤ ያንንም ከታተመ መጽሐፍ ያነበበው ሊሆን ይችላል። ይልቅስ «እማማ፣ ልጅ ሆነው ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ደጅ የማን ነበር?» ተብሎ ይጀመር። ከዚያ ደጅ ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ገበያው መንገዱ ራሱ ይመራል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የደብረ ሲናን ቆሎ ያውቃል፤ ሻጮቹን ግን ታሪክ አላቸው ብሎ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ገብሱ ከየትኛው ቀበሌ ይመጣል? ማን ይቆላል፣ ማን ይሸጣል? መስፈሪያው ምን ነበር? አውቶቡሱ የት ይቆም ነበር? መጀመሪያ ይህን ሥራ የጀመረችው ማን ትባላለች? ቆሎው ወደ ወረቀትና ፕላስቲክ ከመግባቱ በፊት በምን ይያዝ ነበር? እነዚህን የመለሰች አንዲት ሴት የመንገዱን፣ የእህሉን ዋጋና የከተማዋን መስፋፋት ታሪክ አብራ ትሰጣለች። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ያስቆፈረውን የመኪና ዋሻ በተመለከተም ሥራው ላይ የነበሩ አባቶችና አያቶች ምን እንዳወሩ ከቤተሰባቸው መጠየቅ ይገባል፤ ስለ ቆፋሪዎቹ ኑሮ የሚነገረው ያለው በየቤቱ ነው።

ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ የሠርግ ዘፈንና የእረኛ ግጥም ሲነገር እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም። ሙሾ የሟቹን ሥራ፣ አገሩንና ጠላቱን ይጠራል። ግጥሙ ቃል በቃል፣ በተነገረበት አጠራር ይጻፍ እንጂ አይስተካከል።

ሊነገሩ የማይወደዱ ነገሮችም ይመጣሉ። የዘር ሐረግ፣ የመሬት ጠብ፣ በአብዮቱ ዘመን የደረሰ እስራትና ግድያ፣ በቅርብ ዓመታት የደረሰ መፈናቀል ሲነሣ ተናጋሪው «ይዘጋ» ካለ ወዲያውኑ ይዘጋል። በመንዝና በአካባቢው ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚ አባቱ የሚቆጥረው የርስት መብት በዚያ ይረጋገጥ ስለነበር ነው፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ቆጠራ ለክርክር ሊውል ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ የሰበሰበው ቃል ለመሬት ክርክር ማስረጃ እንደማይሰጥ በደንቡ ይጻፍ፤ ተናጋሪው በሕይወት እስካሉ እንዲቆለፍ የጠየቁት ቀረጻም በመዝገቡ ላይ በቀይ ምልክት ይደረግበት።

ቀኑን ስለ ማወቅ

ብዙ ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ ዘመን የሚለዩት በሆነ ነገር ነው። ስለዚህ አባላቱ የዘመን መለያዎችን በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ፦ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ አድዋ 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933፣ አብዮቱ 1966፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ ድርቁ 1977። «ጣሊያን ሲወጣ ዳዴ እል ነበር» ያሉ አባት በ1932 ገደማ ተወልደዋል ማለት ነው። በመዝገቡ ላይ ግን የተናገሩት ቃል እንዳለ ይጻፍና ስሌቱ በቅንፍ ይከተል።

ከውጭ አገር ጽሑፍ የሚወሰድ ቀን ሁሉ ደግሞ በጥንቃቄ ይመለስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክት ሸዋ የደረሰው በፈረንጆች ሐምሌ 1841 ሲሆን ውሉ የተፈረመው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው በ1833፣ ሁለተኛው በ1834 ይውላል። ከፈረንጆቹ ጥር እስከ መስከረም መጀመሪያ ስምንት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሰባት ዓመት እንደሚቀነስ ያልተገነዘበ ሰው አንዱን ነገር ሁለት ዘመን ላይ ይጽፈዋል።

የሰው ትዝታና የጽሑፍ ማስረጃ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጸናል። በመንዝ በኩል ዘረት በተባለው ቦታ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞ ብዙ ሰው መፍጀቱ የታወቀ ነው። የጣሊያን የጦር ሰነድ በተመራማሪዎች እጅ ገብቶ ነገሩ በሰፊው የተጻፈው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰነዱ ቀኑን ያውቃል፤ አመጸኛ ዋሻ ብሎ ስሙን ጠብቆ ያቆየው ግን የአገሬው ሰው ነው።

ወረቀቶችን ስለ መፈለግ

ከሁሉ በፊት የእድር መዝገብ ይፈለግ። እድር የአባላቱን ስም፣ ሰፈራቸውን፣ የመዋጮውን ልክ፣ ሰው የሞተበትን ቀን ስለሚመዘግብ የአንድን ከተማ ሕዝብ ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ ወረቀት የለም ብዬ አምናለሁ። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ፈቅደው፣ እነሱ ባሉበት ገጽ በገጽ ይነሣ። የማዘጋጃ ቤቱ የቦታ ካርታና የንግድ ፈቃድ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የክሊኒኩ ግንባታ ደብዳቤዎች ከዚያ ይከተላሉ። ቢሮ ሲታደስ አሮጌ ወረቀት እየተጠረገ ስለሚቃጠል ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጋር ወዳጅነት መያዝ ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል።

በቤተ ክርስቲያን የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ለብቻቸው ይታያሉ። በአሮጌ ወንጌል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የውል ጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ያለ ደብሩ አስተዳዳሪና ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አንድም ገጽ አይነሣ፤ መጽሐፉን የሚገልጠውም የደብሩ ሰው ይሁን። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በርካታ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ስለነበር የእናንተ ደብር መጽሐፍ አስቀድሞ ተነሥቶ እንደሆነ በአዲስ አበባ መጠየቅ ድካም ይቀንሳል። እንደ አልዩ አምባ ባሉ ቦታዎች የንግዱ ታሪክ ያለ ሙስሊም ነጋዴዎችና ያለ አርጎባ ሕዝብ ትዝታ ስለማይሟላ በመስጊድና በነጋዴ ቤተሰቦች ዘንድ ያሉ የዐረብኛ ጽሑፎችም በኢማሙና በቤተሰቡ ፈቃድ በእኩል ትጋት ይመዝገቡ።

የከበረ ንዋየ ቅድሳት ወይም ብራና ያለበት ቦታ ከነስሙ በኢንተርኔት እንዳይለጠፍ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ሌባም ያነባል። አሮጌ ሠፈር ወይም ፍርስራሽ ሲገኝ ደግሞ መቆፈር አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ሳይነካ ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ይደረጋል። የማኅበሩ ድርሻ ቦታውን መመዝገብ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና ማሳወቅ ነው።

ስለ አቀማመጥ

ባለቤቶቹ ለማኅበሩ ወደው ያስረከቡት ወረቀት በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ በሳጥን ይቀመጥ፤ ሳጥኑም ከወለልና ከግድግዳ ይራቅ። ጋዜጣ ለመጠቅለያ አይሆንም፤ አሲዱ የነካውን ሁሉ ያቢጫል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍና በፕላስቲክ ማስለበጥ ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል፤ ላሚኔት የተደረገውንም ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። ደጋው ላይ ጉም ቤት ድረስ ስለሚገባ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ሳጥኑ ተከፍቶ ሻጋታና ምስጥ ይታይ።

የተገለበጠው ፋይል ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ ከሦስቱ አንዱ የግድ ከከተማው ውጭ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይሁን። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በተቃጠለችበት ጊዜ ያየነው ይህንኑ ነው፤ ቤት ሲነድ አልበሙም መዝገቡም አብሮ ይነዳል። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለማኖሪያ አይታመንም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሃርድ ዲስኮቹ ተከፍተው ፋይሎቹ በእርግጥ እንደሚከፈቱ ይፈተሽ፤ ያረጀው ዲስክም ይቀየር።

ለከተማው ስለ ማሳየት

በዓመት አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ ሰው በሚያልፍበት አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የታተሙ ቅጂዎች በገመድ ላይ ይሰቀሉ። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ካሉበት ፎቶግራፍ ሥር ነጭ ወረቀትና በክር የታሰረ እርሳስ ይቀመጥ፤ መጻፍ የማይችል ሰው ሲመጣ የሚጽፍለት ወጣት አጠገቡ ይቁም። ማታ ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ በእያንዳንዱ ላይ የፎቶግራፉ ቁጥር፣ ቀኑና ስሙን የሰጠው ሰው ስም ይጻፍ። ሁለት ሰዎች ለአንድ ፊት ሁለት ስም ከሰጡ ሁለቱም ወደ መዝገቡ ይግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ቤት ይኬድ።